የሕግ፣ የግል መረጃና የኑሮ እንግሊዝኛ፦ የጅማ የማታ ጥናታችን ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ቦታው ፈረንጅ አራዳ ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ጥቂት ሰዎች እንገናኛለን። ዓላማችን አንድ ነው፤ ውል፣ ቅጽና የስልክ መተግበሪያ ላይ የሚመጡትን የእንግሊዝኛ ቃላት ማወቅ። ሰው በየቀኑ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዞ ይመጣል። "ኮፒ አድርጊልኝ፣ ፈርሜ ልመልሰው ነው" ይለኛል። ምን እንደሚል ስጠይቀው "እኔ እንጃ፣ ፈርም ተባልኩ" ነው መልሱ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የምንማረው እኔ፣ አንዲት የክሊኒክ ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ማኔጅመንት ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ልጅ፣ እና ለቡና ነጋዴ ሒሳብ የሚይዝ ወጣት ነን። ከፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ጡረታ የወጡት ጋሼም አሉ። የሚያርሙን እሳቸው ናቸው።

ዕቃ፦ ማኒላ ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የጫማ ካርቶን። ማኒላው ሉሁ 40 ብር ነው። ከአንዱ ሉህ 36 የቃል ካርድ ይወጣል፤ ፊቱ ላይ ቃሉ፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ ይጻፋል።

መጀመሪያ ካርዱን የቆረጥነው ከተራ የኮፒ ወረቀት ነበር። ዝናቡ ገና አልወጣም። ወረቀቱ እርጥበት ይዞ ይጠቀለላል፣ ቀለሙም ወደ ጀርባ ይወጣል። መልሱ ከፊት በኩል ከታየ ደግሞ ካርድ መሆኑ ቀረ። ላሚኔት ማድረግ አሰብን፤ ለእያንዳንዱ ካርድ ሲሰላ አይቀመስም። ማኒላው ላይ የተስማማነው በዚህ ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ

ካርዶቹን የምንከልሰው የጫማውን ካርቶን ሳጥን አድርገን ነው። የሳጥኑ አሠራር ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያስተዋወቀው ነው። ካርቶኑ አምስት ክፍል አለው። ያወቅነው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፣ የሳትነው ወደ አንደኛው ይመለሳል። አንደኛው ክፍል በየቀኑ ይከለሳል። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር የክለሳው ርቀት ይሰፋል። አእምሮ ሊረሳው ሲል ነው መልሰው የሚያሳዩት።

ቃላቱን ከኢንተርኔት ከወረደ "የሕግ ቃላት" ዝርዝር ወሰድን። በፊደል ተራ የተደረደረ ነው። አልሠራም። ዝርዝሩ ባሪስተርና ሶሊሲተር ይላል፤ ያ የእንግሊዝ የጠበቆች አከፋፈል ነው። ግራንድ ጁሪ ይላል፤ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስን የተራ ዜጎች ቡድን ነው፣ ያ የአሜሪካ ነው። እኛ ጋ ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርደው ዳኛ ነው። የባጃጁ ሹፌር "ይሄን ቃል የት ነው የማገኘው?" አለ። መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

ጋሼ ዝርዝሩን አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ቃል ብቻውን አይያዝም። ወረቀቱን አምጪና ከወረቀቱ ላይ እናውጣው" አሉኝ።

ዝርዝሩን ጣልነው። ካርዶቹን ግን አልጣልናቸውም፤ ለሙከራ ይሆናሉ።

ጥቅምት አጋማሽ

ነጋሪት ጋዜጣ! እንዴት ቀድሞ አልታሰበንም? የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ ዓምድ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። አንቀጹ ከአንቀጹ ትይዩ ነው። መዝገበ ቃላት ሳይገዙ ቃሉን ከነቦታው ያገኙታል። ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው እንደሆነ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይናገራል። ስለዚህ ግር ሲለን ወደ አማርኛው እንመለሳለን።

የጀመርነው ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 26 ስለ ግላዊነት ነው፤ ፕራይቬሲ የሚለው ቃል ያለበት። ከእሱ ጋር ሰርች እና ሲዠር ይመጣሉ፤ ቤትን፣ አካልንና ንብረትን መፈተሽና ንብረት መያዝ። ቀጥሎ ኮረስፖንደንስ፤ ደብዳቤ፣ ስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፕራይቬሲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቴሌግራም ሴቲንግን ነበር። ከቤት በርና ከኪስ ጋር አንድ አንቀጽ ውስጥ ስናገኘው ቃሉ ክብደት አገኘ።

አንቀጽ 19 ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየን። ስለ ተያዘ ሰው ነው። አሬስት (መያዝ)፣ ሪሜይን ሳይለንት (ዝም ማለት)፣ ኮንፌሽን (የእምነት ቃል)፣ ቤይል (ዋስትና)። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። ነርሷ ይሄን ስታነብ "ይሄን እኮ በአማርኛም አላውቀውም ነበር" አለች። እኔም ያን ማታ ነው የገባኝ። እንግሊዝኛውን ፍለጋ ገብተን መብታችንን እያነበብን ነው።

የካርዱን ቅርጽ ቀየርን። በፊት ፊቱ ላይ አንድ ቃል፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ ነበር። አሁን ፊቱ ላይ ክፍት ቦታ ያለው አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። "ዘ ኮርት" ብሎ ባዶ፣ ከዚያ "ሂም ቤይል"። መልሱ ግራንትድ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ዋስትና ፈቀደለት ማለት ነው። ቤይልን ጊቭ ከሚለው ጋር ሲሉት የነበሩት ልጆች አሁን ግራንት ይላሉ። ፋይን (መቀጮ) ከፔይ (መክፈል) ጋር፣ ኮምፕሌይንት (አቤቱታ) ከፋይል (ማቅረብ) ጋር፣ ኮንሰንት (ፈቃድ) ከጊቭ (መስጠት) እና ከዊዝድሮው (ማንሳት) ጋር። ስሙ ከግሱ ጋር ሲጻፍ አይጠፋም።

ወጪ፦ አንቀጽ 14 እስከ 28 ያለውን በትልልቅ ፊደል ለሁሉም ኮፒ አደረግሁ። ገጹ 5 ብር ነው፣ ለእኛ ግን የወረቀቱንና የቀለሙን ብቻ አሰብኩ።

ጥቅምት መጨረሻ

አጠራር አስቸገረን። የሕግ እንግሊዝኛ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ይበዛበታል። ዕዳ የሚለው ቃል ውስጥ ቢ አለች፣ አትነበብም፤ ደት ነው የሚባለው። ደረሰኝ ውስጥ ፒ አለች፣ ሪሲት ነው። መክሰስ የሚለው ውስጥ ሲ ተጽፋ ኢንዳይት ይባላል። የፍርድ ቤት መጥሪያው ሰፒና ነው፤ ቢዋ ዝም ትላለች። ወራሽ ኤር ነው፣ ኤች ተጽፋለች ግን አትሰማም።

የሞከርነው፦ መጀመሪያ የስልኩን ድምፅ ማንበቢያ። አንድ ቃል ብቻውን ሲያነብ ጥሩ ነው። ዐረፍተ ነገር ሲሆን ይፈጥንብናል። ቀጥሎ አጠራሩን ከካርዱ ጀርባ በፊደል ጻፍነው። ይሄ ያዘ። የማይነበበውን ፊደል በቀይ እንከባለን።

ሌላው የድምፅ ጫና ነው። ሬከርድ ስም ሲሆን ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ግስ ሲሆን ሪኮርድ ይሆንና ወደ ኋላ ይሄዳል። ሳስፔክት እና ኮንቪክትም እንደዚሁ ናቸው። ጫናው ያለበት ላይ ቀይ ነጥብ እናደርጋለን። ጋሼ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ ያስለምዱናል። እሳቸው ሲመቱ እኛ እንላለን። ከስልኩ ይልቅ የጋሼ ጣት ነው ያስተማረን።

ኅዳር

ቡና ደረሰ። የሒሳብ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር ወደ አጋሮ እየተመላለሰ ነው፣ ማታ አይመጣም። ካርዶቹን በጎማ ላስቲክ አስሮ በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

በእሱ ምክንያት አዲስ የካርድ ክምር ተከፈተ፦ የሽያጭ ውል። ሰለር (ሻጭ)፣ ባየር (ገዢ)፣ ደሊቨሪ (ርክክብ)፣ ሳምፕል (ናሙና)፣ ግሬድ (ደረጃ)። ጅማ 5 የሚባለውን የኤክስፖርት ደረጃ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አሁን ውሉ ላይ የተጻፈበትን ዐረፍተ ነገር ማንበብ ጀመርን። ፎርስ ማዠር የሚለውን ወጣቱ ከድሮም ሲሰማው ኖሯል። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1792 ላይ አለ። ጋሼ አንቀጹን ከፍተው ምን ምን ከአቅም በላይ እንደሚባል በምሳሌ አስረዱን። ዋጋ ስለተወደደ ብቻ "ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ" ማለት እንደማይሠራ ሲነግሩት ልጁ ማስታወሻው ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አንቀጽ 1678ንም አብረን አየነው። ውል ለመጽናት የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል። ካፓሲቲ ማለት መዋዋል የሚችል ሰው መሆን ነው። ኮንሰንት ማለት ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ነው። ኦብጀክት ውሉ የተደረገበት ጉዳይ ነው፤ ግልጽ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት። ሕጉ ሲያዝዝ ደግሞ ፎርም ይጨመራል። አራት ካርድ፣ አንድ አንቀጽ። በጣም ጥሩ ክምር ነው፣ ለጀማሪ ከዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ።

ስለ ሳጥኑ፦ የሳቱትን ካርድ ወደ አንደኛው ክፍል መመለስ ሰዉን አዳከመ። አራተኛው ላይ የደረሰ ካርድ አንዴ ሲሳት ከዜሮ ይጀምራል። የባጃጁ ሹፌር ሁለት ማታ ቀረ። የሳጥኑን ደንብ አላላነው፤ የተሳተ ካርድ አንድ ክፍል ብቻ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሹፌሩ ተመለሰ።

ኅዳር መጨረሻ

ሦስተኛ ቋንቋ ጨመርን። ከመካከላችን አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው። እዚህ የፍርድ ቤቱም ሥራ የሚሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው። ካርዱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ግማሽ መንገድ ነበር።

መጀመሪያ ኦሮምኛውን በፊደል ጻፍነው። ግር አለን። ሕግ በኦሮምኛ ሴራ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ አማርኛ አንባቢ ሌላ ነገር ያስባል። ስለዚህ ኦሮምኛውን በቁቤ፣ አማርኛውን በፊደል መጻፍ ጀመርን። ልጅቷ ኦሮምኛውን ትሞላለች፣ እጅ ጽሕፈቷም ያምራል። የኦሮሚያ ሕጎች የሚወጡበት መገለተ ኦሮሚያ በሦስቱም ቋንቋ ስለሚታተም ከእሱ እንመሳከራለን።

ታኅሣሥ

የግል መረጃ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ከ2016 ዓ.ም ሁለት አዋጆችን አወረድን። ቁጥር 1320 ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ፣ ቁጥር 1321 ስለ ግል መረጃ ጥበቃ። ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። ደስ አለኝ፤ አንዱ ቤታችንን፣ ሌላው ስማችንንና ስልካችንን የሚነካ ነው።

ከ1320 የወጡት፦ ቴናንት (ተከራይ)፣ ላንድሎርድ (አከራይ)፣ ሬንት (ኪራይ)፣ አድቫንስ ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ)፣ ኖቲስ (ማስጠንቀቂያ)። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ይሄን ክምር ሁሉም ቶሎ ያዘው፤ ተከራይቶ የማያውቅ ማን አለ?

1321 ከበድ ይላል። ዳታ ሰብጀክት መረጃው ስለ እሱ የሆነው ሰው ነው። ኮንትሮለር መረጃው ለምንና እንዴት እንደሚሠራበት የሚወስነው ነው። ፕሮሰሰር በኮንትሮለሩ ስም ሥራውን የሚሠራው ነው። በወረቀት ብቻ አልገባ አለ። በሱቄ ሞከርነው። አንድ ድርጅት የሠራተኞቹን ዝርዝር እንድጽፍለት ይልክልኛል እንበል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዳታ ሰብጀክት፣ ድርጅቱ ኮንትሮለር፣ እኔ ፕሮሰሰር። ወዲያው ገባቸው። እኔም ኮምፒውተሬ ላይ ተከማችቶ የቆየውን የሰው ፋይል ማጥፋት እንዳለብኝ ወሰንኩ። ሥራው አልቆ ባለቤቱ ከተረከበ በኋላ እኔ ጋ ምን ይሠራል?

ሹፌሩ ሰርድ ፓርቲ የሚለውን ያውቀዋል፤ የባጃጁ ኢንሹራንስ ነው፣ ሦስተኛ ወገን። የአንድ መተግበሪያ ፕራይቬሲ ፖሊሲ ላይ "ሼር ዊዝ ሰርድ ፓርቲስ" (ለሦስተኛ ወገን ማካፈል) የሚል ሲያይ ቆም አለ። "ታዲያ እዚህ ሦስተኛው ወገን ማነው?" አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። ፖሊሲው ስም አልጠራም። መተግበሪያውን አጠፋው።

አንድ ማታ ሙሉ ስልክ ላይ ብቻ ዋልን። አንድሮይድ ሴቲንግስ ውስጥ አንድ መተግበሪያ ያለንበትን ቦታ እንዲያይ የምንፈቅድባቸውን ምርጫዎች አንድ በአንድ አነበብን። "አላው ኦንሊ ዋይል ዩዚንግ ዘ አፕ" ማለት መተግበሪያውን ስንከፍተው ብቻ ይየው ማለት ነው። "ዶንት አላው" ከለከልኩ ነው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር። ስልክ ቁጥሬን ማን ይየው ነው ጥያቄው። ሦስት ምርጫ አለ፦ ኤቭሪባዲ (ሁሉም ሰው)፣ ማይ ኮንታክትስ (ስልኬ ላይ የመዘገብኳቸው)፣ ኖባዲ (ማንም አይየው)። የነርሷ ኤቭሪባዲ ላይ ነበር። የማታውቃቸው ሰዎች ማታ ማታ የሚደውሉላት ከዚያ አግኝተውት ይሆናል ብላ ጠረጠረች። እዚያው ኖባዲ አደረገችው። ያን ቃል ከእንግዲህ የምትረሳው አይመስለኝም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ሰዎች እውነተኛ ውል ማምጣት ጀመሩ። ይሄ የፈለግነው ነው፣ ግን ስምና ስልክ ቁጥር አለበት። ደንብ አወጣን፦ ሳይሸፈን ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። የመታወቂያ ፎቶ፣ የፋይዳም ቢሆን፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አይለጠፍም።

አሸፋፈኑ ራሱ ሥራ ነበረው። ስሙን በጥቁር ማርከር ቀባነው። ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ዞር ስናደርገው ስሙ ይነበባል፤ ከጀርባም ጥላው ይታያል። ሁለቴ ብንቀባውም ያው ነው። የሠራው ይሄ ነው፦ የተቀባውን ወረቀት ኮፒ ማድረግና ኮፒውን ብቻ መጠቀም። ኮፒው ላይ ያለው ጥቁር ወጥ ስለሆነ ከሥሩ የሚነበብ ነገር የለም። የተቀባው ወረቀት ለባለቤቱ ይመለሳል ወይም ይቀደዳል። ለዚህ ሥራ እንግሊዝኛው ሪዳክት ይለዋል፤ ካርዱ ገባ። ዋጋው በገጽ አንድ ተጨማሪ ኮፒ ብቻ ነው።

ጥር መጀመሪያ

ልጅቷ አንድ ፎቶ ቤት የምረቃ ፎቶዋን ሳይጠይቃት ለማስታወቂያ እንደለጠፈው ነገረችን። በቃል ጠይቃቸው ነበር፤ "ቆንጆ ስለወጣሽ ነው" ብለው አለፉት። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ተቆጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 27 አወጡ። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። አንቀጽ 28 የተፈቀዱትን ያስቀምጣል፤ እንደ ባለሥልጣን ወይም በሕዝብ ፊት የተደረገ ነገር። የእሷ ከዚያ ውስጥ አይገባም።

ደብዳቤውን በአማርኛ ጻፍነው፤ የሚላከው እሱ ነው። ለጥናታችን ደግሞ በእንግሊዝኛ ደገምነው። ዲስፕሌይ (ለእይታ መለጠፍ)፣ ኮንሰንት፣ ሪሙቭ (ማንሳት)፣ ዊዝኢን ስሪ ዴይስ (በሦስት ቀን ውስጥ)። እሷ መጀመሪያ "ፕሊስ" የሚለውን አራት ቦታ ጽፋው ነበር። ጋሼ ሦስቱን ሰረዙ። "መብትሽን ነው የምትጠይቂው ልጄ፣ አንዱ ይበቃል" አሏት። ደብዳቤው ተሰጠ፣ ፎቶው ወረደ። ያን ማታ ቡና ያፈላችልን እሷ ነች።

ጥር አጋማሽ

አንኪ የሚባለውን መተግበሪያ ሞከርን። እንደ ሳጥናችን ነው፣ ግን የክለሳውን ቀን ራሱ ያሰላል። ለኮምፒውተርና ለአንድሮይድ ነፃ ነው፣ ለአይፎን ይከፈላል። ካርዱ ስልኩ ላይ ከገባ በኋላ ኔትወርክ አይፈልግም፤ መብራት በሄደ ማታም ይሠራል።

ፊደሉን ያለ ችግር አሳየ። ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። አንድ ካርድ በሦስት ቋንቋ በስልክ መጻፍ እጅ ያደክማል። እኔ በሱቁ ኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ ጽፌ በጽሑፍ ፋይል አስገባሁት። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተቀመጠ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ይሄን ለማወቅ አንድ ሙሉ ምሽት ሄዷል፣ ሌላው ሰው እንዳይደክም ነው የምጽፈው።

ሳጥኑን ግን አልተውነውም። ጋሼ ስክሪን ዓይናቸውን ያማቸዋል። ሹፌሩም ተሳፋሪ ሲጠብቅ ካርዱን ባጃጁ ላይ ሰክቶ ያነባል፤ ስልኩን ደግሞ ለሥራው ይፈልገዋል። ስለዚህ ሁለቱም ይቀጥላሉ። አዲስ ካርድ መጀመሪያ በማኒላ ይጻፋል። ጋሼ ካረሙት በኋላ ወደ አንኪ ይገባል።

ጥር መጨረሻ

ነርሷ የክሊኒኩን ባዶ የፈቃድ ቅጽ አስፈቅዳ አመጣች። ኢንፎርምድ ኮንሰንት ይላል፤ ተረድቶ መፍቀድ ማለት ነው። ፕሮሲጀር (የሚደረገው ሕክምና)፣ ሪስክ (ሊመጣ የሚችል ጉዳት)፣ ቤነፊት (ጥቅም)፣ ቮለንታሪ (በፈቃደኝነት)፣ ኮንፊደንሻል (ምስጢር የሚጠበቅ)። ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፣ የሚፈርመው ታካሚ ግን ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣ ነው። እሷ እስካሁን "እዚህ ጋ ይፈርሙ አባቴ" ስትል ነበር። አሁን አምስቱን ቃል በኦሮምኛና በአማርኛ አስረድታ ነው የምታስፈርመው። ጊዜ እንደሚወስድባት ትናገራለች። ግን አንድ አዛውንት ሪስኩን ሲሰሙ ልጃቸውን ጠርተው ተማክረው ነው የፈረሙት። እኔ ይሄን ስሰማ ለካርዱ የወጣው ብር ሁሉ ተመለሰልኝ።

የሚቀጥለው ክምር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው፤ የተከሰሰ ሰው መብት። አኪዩዝድ (ተከሳሽ)፣ ፕሪዙምድ ኢኖሰንት (ንጹሕ ተብሎ የሚገመት)፣ ካውንስል (ጠበቃ)፣ ኢንተርፕሪተር (አስተርጓሚ)። ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እዚያ ነው ያለው። ጋሼ በሬጅስትራርነታቸው ያዩትን ሊነግሩን ቃል ገብተዋል፣ ስም ሳይጠሩ።

የሚገዛ፦ ማኒላ ሁለት ሉህ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ጠንከር ያለ ካርቶን፤ የጫማው ጎኑ ተቀዷል። ሒሳቡን ወጣቱ ይይዛል፣ ከቡናው ተመልሷል።